ከቱታ ጉልበት እስከ ኮርዶሮይ ቁርጥራጭ፦ የጊዝ ቤንድ ድሪቶ ታሪክ

ጊዝ ቤንድ በአሜሪካ ደቡብ፣ በአላባማ ግዛት፣ በዊልኮክስ ወረዳ የሚገኝ የገጠር መንደር ነው። የአላባማ ወንዝ እየተጠማዘዘ በሦስት ጎኑ ስለሚከብበው በየብስ አንድ መንገድ ብቻ ከቀረው ዓለም ያገናኘዋል። ከ1949 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በይፋ የሚጠራው ቦይኪን ተብሎ ነው፤ ነዋሪው ግን የጥንቱን ስም አልተወም። ዛሬ የሚኖሩበት ጥቂት መቶ ሰዎች ናቸው። ስሙን ከወንዙ ባሻገር ያስጠራው ሴቶቹ ከአሮጌ ልብስና ከጨርቅ ቁርጥራጭ የሚሠሩት ድሪቶ ነው።

ድሪቶ በአማርኛ ክብር ያለው ቃል አይደለም። ሲነሣ ቶሎ ወደ ሐሳብ የሚመጣው ችግር፣ እጦት፣ ተቀዶ ተጥፎ መልኩ የጠፋ ልብስ ነው። ለጊዝ ቤንዱ ሥራ ግን ከዚህ የቀረበ ስም አይገኝም፤ ሥራው ከእጦት የተወለደ፣ እራፊ በእራፊ ላይ እየተቀጠለ የተሠራ ነውና። አሜሪካኖች ኩዊልት ይሉታል። ሦስት ድርብ ያለው ብርድ ልብስ ነው፦ ላዩ ከቁርጥራጭ የተገጣጠመ ፊት፣ መሐሉ የጥጥ ባዘቶ፣ ታቹ ገበር። ሦስቱ እንዳይሸራተቱ ከዳር እስከ ዳር በእጅ ይሰፋሉ። ፊቱን የምትገጣጥመው አንዲት ሴት ብቻዋን ናት፤ ሦስቱን ድርብ መስፋቱ ግን የደቦ ሥራ ነው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የቀለሙን፣ የቅርጹንና የአሰላለፉን ውሳኔ የምትወስነው አንዲቱ ናት፤ ጎረቤት የሚያግዘው ውሳኔው ካለቀ በኋላ ነው።

የመንደሩ ታሪክ ከጥጥ ይጀምራል። በ1816 ጆሴፍ ጊ የተባለ ባለርስት ከሰሜን ካሮላይና መጥቶ በወንዙ መታጠፊያ የጥጥ እርሻ አቋቋመ፤ በባርነት የያዛቸውን 18 ሰዎችም አብሮ አመጣ። ጊዝ ቤንድ ማለት የጊ መታጠፊያ ማለት ነው። በ1845 የጊ ወራሾች ለነበረባቸው ዕዳ እርሻውን ለዘመዳቸው ለማርክ ፔትዌይ አስረከቡ። ፔትዌይ በዓመቱ ከሰሜን ካሮላይና ተነሥቶ ወደ አላባማ ሲዛወር በባርነት የያዛቸው መቶ የሚሆኑ ሰዎች ያን ሁሉ አገር በእግራቸው እንዲያቋርጡ አደረገ። ባርነት በ1865 ቢቀርም ሰዎቹ መሬት ስላልነበራቸው እዚያው እርሻ ላይ የእኩል አራሽ ሆነው ቀሩ። የጌታው ስምም አብሯቸው ቀረ። ዛሬ በትልልቅ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ከድሪቶዎቹ ጎን ፔትዌይ የሚለው ስም ደጋግሞ የሚነበበው ለዚህ ነው፤ ስሙን የሚጋሩት ሁሉ የሥጋ ዘመዶች አይደሉም።

ጥጥ የሚዘሩት፣ የሚኮተኩቱትና የሚለቅሙት እነዚህ ሰዎች ከጥጥ የተሠራ አዲስ ጨርቅ ለመግዛት አቅም አልነበራቸውም። የእኩል አራሽ ዘርና ምግብ በዱቤ እየወሰደ ዓመቱን ይገፋል፤ አዝመራው ሲገባ ዕዳው ተቆርጦ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚተርፍ የለም። ቤቶቹ በግንድና በሳንቃ የቆሙ ነበሩ፤ በሳንቃው ክፍተት ነፋስ ይገባል። ስለዚህ ድሪቶ አልጋ ላይ ብቻ አይውልም ነበር። ወለል ላይ ተነጥፎ ልጆች ይተኙበታል፤ በመስኮትና በግድግዳው ስንጥቅ ላይ ይሰቀላል። ሲያልቅ እንኳ አይጣልም፤ ጢሱ የወባ ትንኝ ስለሚያባርር በእሳት ይጨሳል። በአንድ ቤት ውስጥ ልጅ በበዛ ቁጥር ድሪቶውም ይበዛል፤ ክረምት አይጠብቅምና ሥራው ከማማር በፊት መድረስ ነበረበት።

የሚሠራበት ነገር ሁሉ አንድ ጊዜ ሌላ ነገር ሆኖ የኖረ ነው። በመጀመሪያ የሚመጣው የሥራ ልብስ ነው፦ የእርሻ ቱታ፣ የጂንስ ሱሪ፣ ሸሚዝ። ቀጥሎ የሴቶች ቀሚስና ሽርጥ፣ የዱቄትና የስኳር ከረጢት፣ የማዳበሪያ ጆንያ። በአማርኛ ጆንያው ራሱ ማዳበሪያ ተብሎ እስከ መጠራት የደረሰው በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ ማዳበሪያው እርሻ ላይ ተበትኖ ያልቃል፣ ከረጢቱ ግን ቤት ገብቶ ዓመታት ያገለግላል። ጊዝ ቤንድ ውስጥ ከረጢቱ ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ የታተመበት ጽሑፍ እስኪደበዝዝ ተቀቅሎ ለገበር ይውላል። ባዘቶው ደግሞ ከመዳመጫው ወለል ተጠርጎ የሚመጣ፣ ለገበያ የማይሆን ቆሻሻ ጥጥ ነበር። በዱላ እየተመታ ፍሬውና አቧራው ይራገፋል፤ ሲፍታታ በገበሩ ላይ ይነጠፋል። አንድ ሙሉ ብርድ ልብስ ሲያልቅ በገንዘብ የተገዛው ክሩ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ክሩም ቢሆን ከከረጢት አፍ የተፈታበት ጊዜ አለ።

ከሥራ ልብስ የተሠራ ድሪቶ ቀረብ ተብሎ ሲታይ ልብሱን የለበሰው ሰው ይታያል። የቱታ እግር ሲተረተርና ሲዘረጋ ጉልበቱ የነበረበት ቦታ ነጣ ብሎ ይቀራል፤ ሰውየው ተንበርክኮ ጥጥ የለቀመበት ነው። ኪሱ ሲነቀል ከሥሩ ፀሐይና ሳሙና ያልነካው ጥቁር ሰማያዊ አራት ማዕዘን ብቅ ይላል። በስፌቱ መስመር የዛገ ቁልፍ ምልክት፣ አንዳንዴም ቀድሞ የተጣፈ ጥፍ ይገኛል። ሰውየው ልብሱን ገና እየለበሰው ሳለ ሚስቱ ጣፈችው፤ ካለቀ በኋላ ከነጥፉ ወደ ድሪቶው ገባ። አንድ ቱታ ብቻውን አምስትና ስድስት ዓይነት ሰማያዊ ሊሰጥ ይችላል፤ እነዚህን ሰማያዊዎች ቀለም ቀቢ በብሩሹ ቢሞክራቸው በቀላሉ አይደርስባቸውም፤ የሠራቸው የዓመታት ላብ፣ ፀሐይና እጥበት ነውና። የድሪቶው ሴት ችሎታ የሚጀምረው እነዚህን በዐይን ከመለየት ነው።

የንድፍ መጽሐፍ አልነበረም። ጥቂት ስም ያላቸው አሰላለፎች ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋሉ። በብዛት የሚሠራው የቤት ጣራ የሚሉት ነው፦ መሐሉ ላይ አንድ እራፊ ይቀመጣል፤ በአራት ጎኑ ረጃጅም ቁርጥራጭ ይቀጠልለታል፤ በዚያ ላይ ሌላ ዙር፣ እንደገና ሌላ ዙር፣ አልጋው እስኪሞላ። ሌላው የግንበኛ ይባላል፤ ደረጃ በደረጃ ወደ መሐል የሚወጣ ነው። የሰነፍ ልጅ የሚሉት ደግሞ ረጅም ቁርጥራጭ ጎን ለጎን ብቻ የሚደረደርበት ነው፤ ስሙ እንደሚለው ቀላል ይመስላል፤ ጥሩ አድርጎ መሥራቱ ግን ከባዱ ነው፤ ስሕተት መደበቂያ የለውምና። ከእነዚህ ስሞች በላይ ግን በመንደሩ የሚከበረው በራስ መንገድ መሥራት ነው። መስመሩ ሲጠምም አይቀናም፤ ጨርቁ መሐል ላይ ካለቀ ሌላ ቀለም ይገባበታል። ይህን ከአፍሪካ ጨርቃ ጨርቅ ጋር ያመሳሰሉት፣ ከዘመናዊ ሥዕል ጋር ያወዳደሩትም አሉ። ከሁሉ የሚቀርበው ምክንያት ግን ከዚያው ከጨርቁ ይገኛል። የቱታ እግር ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ ነው፤ ሴትዮዋ አስተካክላ ብትቆርጠው የሚባክነው ጨርቅ ነው። ስለዚህ እንደተገኘ ገባ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ቁርጥራጭም የመጀመሪያውን ጠማማ ተከትሎ እንዲገጥም ሆኖ ተቆረጠ። የመንደሩ ድሪቶ ከሌላው አሜሪካ ድሪቶ የሚለይበት ያ የመስመሮች እንቅስቃሴ ከዚህ ቁጠባ የመጣ ነው።

ፊቱ ሲያልቅ ሦስቱ ድርብ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ይወጠራሉ። ጎረቤት ሴቶች በአራቱም ጎን ተቀምጠው ይሰፋሉ፤ መዝሙር ይዘመራል፣ ጸሎት ይደረጋል፣ የሰፈር ወሬ ይወራል። ትንንሽ ሴት ልጆች መርፌ ላይ ክር በማስገባት ይጀምሩና ቀስ በቀስ ጥግ ይሰጣቸዋል። በእርሻ ሥራ መሐል በሚገኘው ጊዜ ፊቱ ይገጣጠማል፤ ብርዱ ሲገባ ይሰፋል።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ የጥጥ ዋጋ ወደቀ። ለመንደሩ ሰዎች ዱቤ ይሰጥ የነበረው የወረዳው ከተማ የካምደን ነጋዴ በ1932 ሲሞት ወራሾቹ ያለውን ዕዳ በአንድ ጊዜ ጠየቁ። ፈረስ የጫኑ ሰዎች ወደ መንደሩ መጥተው ከ60 በላይ የሚሆኑ ቤተሰቦችን ንብረት ወሰዱ፦ ከብቱን፣ ዶሮውን፣ የእርሻ መሣሪያውን፣ ጎተራ ያለውን እህል፣ ለዘር የተቀመጠውን ሳይቀር። በዚያ ክረምት መንደሩን ከረሃብ ያተረፈው የቀይ መስቀል ዱቄት ነበር። የዱቄቱ ከረጢት ወዴት እንደሄደ መናገር አያሻም።

ከዚህ ጥፋት በኋላ የፌዴራል መንግሥት ገባ። በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘመን የተቋቋመው የሠፈራ አስተዳደር በ1937 አካባቢ 10,000 ኤከር የሚጠጋውን የቀድሞ እርሻ ገዝቶ ከዚያ በኋላ ለነዋሪዎቹ በዝቅተኛ ወለድ በብድር ሸጠላቸው፤ ቤቶች፣ ትምህርት ቤት፣ መደብርና የጥጥ መዳመጫም ተሠሩ። ቤቶቹ እስከ ዛሬ የሩዝቬልት ቤቶች ይባላሉ። በዚያው ዓመት አርተር ሮትስታይን የተባለው የመንግሥት ፎቶ አንሺ መጥቶ መንደሩን ፎቶ አነሣ። በፎቶዎቹ ላይ ብርድ ለመከላከል ግድግዳቸው በጋዜጣ የተለበጠ ቤቶች ይታያሉ፤ በአንዱም ጆሪና ፔትዌይ ከሁለት ልጆች ጋር ሆና ድሪቶ ስትሰፋ ትታያለች። መሬት ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነበር። በአሜሪካ ደቡብ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቁር ጭሰኞች በኋላ ከመሬታቸው ሲፈናቀሉ ጊዝ ቤንዶች የራሳቸው ቤትና ማሳ ስለነበራቸው እዚያው ቆዩ። ድሪቶውም ከአንድ ትውልድ ወደ ቀጣዩ ሳይቋረጥ የተላለፈው ሰዎቹ ስላልተበተኑ ነው።

ከዚያ ዘመን ከተረፉት ሥራዎች መካከል የሚዙሪ ፔትዌይ ድሪቶ ብቻውን ምዕራፍ ይወጣዋል። ባሏ ናታንኤል ሞተ። በ1942 የሥራ ልብሶቹን ሰብስባ ፈታቻቸው፤ ልጇን አርሎንዚያን አጠገቧ አስቀምጣ ብርድ ልብስ ሠራችባቸው። አርሎንዚያ ኋላ እንደተናገረችው እናቷ ይህን ያደረገችው ባሏን እንድታስታውስበት፣ ከሥሩም እንድትተኛ ብላ ነው። ሰፋፊ የደበዘዙ ሰማያዊ፣ ግራጫና ነጣ ያሉ አራት ማዕዘኖች ናቸው፤ ጨርቁ ሳስቷል፣ ቦታ ቦታ ላይ ተጥፏል። ምንም ጌጥ የለበትም። ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። የሟች ልብስ ለሐዘንተኛ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በዚህ ድሪቶ ፊት ቆሞ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በ1960ዎቹ መንደሩን ሁለት ነገር አናወጠው። በወንዙ ላይ የተሠራው የሚለርስ ፌሪ ግድብ ለም የሆነውን የመንደሩን መሬት በውኃ ዋጠው። ሌላው ጥቁሮች ለመምረጥ መብታቸው ያደረጉት ትግል ነው። የወረዳው ከተማ ካምደን ከወንዙ ማዶ ነው፤ በጀልባ ቅርብ ነው፣ በመንገድ ግን ዙሮ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመንደሩ ሰዎች በመራጭነት ለመመዝገብ ወደ ካምደን መሻገር ሲጀምሩ በ1962 የጀልባው አገልግሎት ተቋረጠ፤ ዳግመኛ የሠራው በ2006 ነው። የዚህ ትግል መሪ ማርቲን ሉተር ኪንግ በየካቲት 1965 ወደ ጊዝ ቤንድ መጥቶ ለሕዝቡ ንግግር አደረገ። በወረዳው ለመመዝገብ የሞከሩ ብዙዎች ሥራ ተነፈጋቸው፤ በኪራይ ከሚያርሱት መሬት የተባረሩም ነበሩ።

በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ፍራንሲስ ዋልተር የተባለ የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ካህን የእነዚህን በደሎች ማስረጃ እያሰባሰበ በአካባቢው ሲዘዋወር መንገድ ስቶ በአንድ ቤት በራፍ የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ሦስት ድሪቶዎች ተሰቅለው አየ። ድሪቶ በአካባቢው ገበያ የሚሸጠው በጥቂት ዶላር ነበር። ካህኑ ከወዳጆቹ ጥቂት ገንዘብ አግኝቶ ለእያንዳንዱ ድሪቶ 10 ዶላር እየከፈለ ሰብስቦ ወደ ኒው ዮርክ ላከ፤ በመጋቢት 1966 በጨረታ ተሸጡ። በዚያው ወር ከ60 በላይ የሚሆኑ ሴቶች ተሰብስበው የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ስሙን ፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ አሉት፤ የነጻነት የድሪቶ ደቦ ማለት ነው። ማኅበሩ የተተከለው ከጊዝ ቤንድ ጎረቤት በሆነው በአልበርታ ሲሆን ሴቶቹ ከሁለቱም ቦታ የመጡ ነበሩ። ለረጅም ዘመን ያስተዳደረችው ኤስቴል ዊዘርስፑን ናት።

ማኅበሩ መጀመሪያ ቤት አልነበረውም፤ ሥራው በየቤቱና በተገኘው ክፍል ይሠራ ነበር። ቀጥሎ 23 ኤከር መሬት ገዛ፤ በ1969 የስፌት ቤት ተሠራ። ከዓመት በፊት በተገደለው በኪንግ ስምም ተሰየመ። ከመሬቱ ላይ ጥቂቱ በመምረጣቸው ምክንያት ከቤታቸው ለተባረሩ ቤተሰቦች ቦታ እየተቆረጠ ተሸጠላቸው። በድሪቶ ገንዘብ የተገዛ መሬት ላይ ሰው ቤት ሠራ ማለት ነው። ይህ የማኅበሩ ታሪክ ክፍል ከሙዚየሙ ዝና ጋር ሲነጻጸር ብዙ አይነገርለትም፤ ሊነገርለት ግን ይገባል። ከጥጥ ለቀማ ሌላ ሥራ ላልነበረበት አካባቢ ማኅበሩ በራስ ስም የሚፈረምበት ደመወዝ አመጣ።

የኒው ዮርክ ገበያ ድሪቶውን ወደደው። ፋሽን መጽሔቶች ስለ ሥራው ጻፉ፤ ብሉሚንግዴልስ የተባለው ትልቅ መደብር ትእዛዝ ሰጠ። ገበያው ግን የራሱ ሕግ ነበረው። ደንበኛ በካታሎግ አይቶ ያዘዘው ድሪቶ እቤቱ ሲደርስ ካየው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ንድፉ ተወሰነ፣ መጠኑ ተለካ፣ ስፌቱ ተቆጠረ፣ ቀለሙን መራጩ ሌላ ሰው ሆነ። በራሷ መንገድ ትሠራ የነበረች ሴት አሁን ልክ እንደ ጎረቤቷ እንድትሠራ ተጠየቀች። አንዳንዶች በዚህ ተቸገሩ፤ የመንደሩ ልማድና የፋብሪካ ደንብ አልተገናኙም። ቢሆንም ማኅበሩ ጥሩ ሥራ አልሠራም ማለት አይደለም። የጥድ ፍሬ የተባለውን፣ ትንንሽ ሦስት ማዕዘን እራፊዎች እንደ ቅርፊት የሚደራረቡበትን እጅግ አድካሚ ንድፍ የአላባማ ምክር ቤት በ1997 የግዛቲቱ ይፋዊ ድሪቶ አድርጎ ሲሰይም ያከበረው ይህንኑ ማኅበር ነው።

በ1972 ሲርስ ከተባለው ታላቅ የችርቻሮ ድርጅት ትእዛዝ መጣ፤ የትራስ ልብስ በኮርዶሮይ ጨርቅ ተሰፍቶ እንዲቀርብለት። ኮርዶሮይ እንደ እርሻ ትልም ጎድጎድና ከፍ የሚል መስመር ያለው፣ ወፍራም፣ ለስላሳ ጨርቅ ነው። በዚያ ዘመን ፋሽን የሆኑትን ቀለሞች ይዞ በጥቅል ይመጣ ነበር፦ የአቮካዶ አረንጓዴ፣ ወርቅማ፣ የዛገ ብረት መልክ፣ ደማቅ ቀይ፣ ቡናማ። ለትራስ ልብሱ ሲቆረጥ ዳር ዳሩ ይተርፋል። የፋብሪካ ሰው ቢሆን ጠርጎ ይጥለው ነበር። አልበርታ ውስጥ ግን ጨርቅ መጣል የሚባል ነገር አልነበረምና ቁርጥራጩ በከረጢት እየሆነ ወደ ቤት ሄደ፤ ከዘመድ ወደ ዘመድ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ተዳረሰ።

ያ ቁርጥራጭ በየቤቱ ያስከተለው ለውጥ ትልቅ ነው። መጀመሪያ ነገር አዲስ ጨርቅ ነው፤ አልደበዘዘም፣ አልሳሳም። ለዘመናት በደበዘዘ ሰማያዊና ግራጫ የሠሩ እጆች በድንገት እሳት የመሰለ ቀይና ብርቱካናማ አገኙ። ሁለተኛ፣ ኮርዶሮይ ወፍራም ስለሆነ በትንንሹ ለመገጣጠም አይመችም፤ መርፌውን ያስቸግራል፣ ስፌቱ ያብጣል። ስለዚህ በሰፊው ተቆረጠ፤ ንድፉ ቀለለ፣ ግዙፍም ሆነ። ሦስተኛ፣ መስመሩ በአንድ አቅጣጫ ሲሆን ብርሃን ይቀበላል፣ በሌላ ሲሆን ይውጣል። አንድ ዓይነት ቀይ ቁርጥራጭ አንዱ ቁሞ ሌላው ተጋድሞ ሲሰፋ ሁለት ቀይ ይመስላል። ሴቶቹ ይህን ወዲያው አስተዋሉ፤ ሥራ ላይም አዋሉት። ፍሎሪን ስሚዝና ቻይና ፔትዌይ በ1975 ገደማ ከዚህ ጨርቅ የሠሯቸው ድሪቶዎች ከመንደሩ ምርጥ ሥራዎች ይቆጠራሉ። በስፌት ቤቱ ውስጥ በትእዛዝ የተሠራውን የትራስ ልብስ ዛሬ የሚያስታውስ የለም፤ ከዚያው የትራስ ልብስ የተረፈው ቁርጥራጭ ግን ሙዚየም ገባ። ነጻነቱ የነበረው በማኅበሩ ስም ውስጥ ብቻ አልነበረም፤ ማንም ያላዘዘው፣ ማንም ያልለካው ቁርጥራጭ ውስጥም ነበር።

አኒ ሜይ ያንግ በ1976 የሠራችው ድሪቶ ሁለቱን ዘመን አንድ ላይ ይዟል። ዙሪያው በሙሉ የሥራ ልብስ ነው፦ ከእጥበት ብዛት የነጣ ጂንስ፣ ጉልበቱና የኪሱ ቦታ የሚታይበት። መሐሉ ላይ ግን የኮርዶሮይ ቁርጥራጮች፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ቡናማ፣ ጎን ለጎን ተሰልፈው በአንድ ትልቅ ማዕዘን ተቀምጠዋል። በክረምት ማለዳ በእንጨት ቤት ውስጥ የተቀጣጠለ ምድጃ ይመስላል።

በ1996 በታተመ የሮላንድ ፍሪማን መጽሐፍ ውስጥ የዚህችው ሴት ድሪቶ በእንጨት ክምር ላይ ተሰቅሎ የተነሣ ፎቶ አለ። ፎቶውን ያየው ዊሊያም አርኔት የተባለ የጥበብ ሥራ ሰብሳቢ ሴትዮዋን ፍለጋ ጊዝ ቤንድ ድረስ ሄደ፤ ከዚያም በየቤቱ እየዞረ ከአልጋ ሥር፣ ከቁም ሣጥን ውስጥ የነበሩ መቶዎች ድሪቶዎችን ገዛ። ባለቤቶቹ ለአንዳንዶቹ ይህን ያህል ዋጋ አልሰጧቸውም ነበር፤ አሮጌ ናቸው ብለው ለትንኝ ጢስ ያጨሷቸውም አሉ። በ2002 የጊዝ ቤንድ ድሪቶዎች በሂውስተን የጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ለትርኢት ቀረቡ። የኒው ዮርክ ታይምስ የጥበብ ሐያሲ ማይክል ኪመልማን አሜሪካ ካፈራቻቸው ድንቅ የዘመናዊ ጥበብ ሥራዎች መካከል ቆጠራቸው። ትርኢቱ ከከተማ ወደ ከተማ ተዘዋወረ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት አሥር ድሪቶዎች ያሉበት ቴምብር አሳተመ።

ዝናው የመጣው ብዙዎቹ ሴቶች ካረጁ በኋላ ነው። በሽያጩና በምስሉ መብት ላይም ክርክር አልጠፋም፤ በ2007 ጥቂት ሰፊዎች ድርሻችን አልተከፈለንም ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ጉዳዩ በሚቀጥለው ዓመት በስምምነት ተዘጋ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። አንድ ጨርቅ አልጋ ላይ ሳለ 5 ዶላር፣ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣ ከሆነ፣ ልዩነቱ ለማን ነው ብሎ መጠየቅ የሠሪዋ መብት ነው። በ2015 ሜሪ ሊ ቤንዶልፍ፣ ሉሲ ሚንጎና ሎሬታ ፔትዌይ በመንግሥት ደረጃ ለባሕል ጥበብ ባለሙያዎች የሚሰጠውን ብሔራዊ ሽልማት ተቀበሉ።

የፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ መጨረሻ ጸጥ ያለ ነበር። ትእዛዙ እየቀነሰ፣ መሥራቾቹ እያለፉ ሄደው ማኅበሩ በ2012 ተዘጋ። በጊዝ ቤንድ በኩል ግን በ2003 ሴቶቹ የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመዋል፤ የድሪቶ መሥሪያ ክፍሉ ክፍት ነው፤ እንግዳ ሲመጣ መወጠሪያው ዙሪያ ተቀምጠው ሲሰፉ ያገኛቸዋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ብዙዎች ሥራቸውን በኢንተርኔት በራሳቸው ስም ይሸጣሉ፤ ዋጋውንም የሚተምኑት ራሳቸው ናቸው። አዲስ ጨርቅ መግዛት ዛሬ አይቸግራቸውም፤ ሆኖም የአሮጌ ጂንስ ድሪቶ አሁንም ይሠራል።

ብርዱ ሲያልፍ ድሪቶዎችን አውጥቶ ፀሐይና ነፋስ እንዲያገኛቸው ማስጣት በመንደሩ የቆየ የቤት ሥራ ነው። ከ2022 ጀምሮ ይኸው ልማድ በየዓመቱ በጥቅምት ለሕዝብ ክፍት የሆነ በዓል ሆኗል። በዚያ ቀን በየቤቱ በራፍና በረንዳ፣ በልብስ ማስጫ ገመድና በአጥር ላይ ድሪቶ ይሰቀላል፤ የሠራችው ሴት ወይም ልጇ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ ጨርቁ ከማን ቱታ፣ ከማን ቀሚስ እንደመጣ ለጠየቃት ትናገራለች።